አውሮፕላን የሚድነው ከተጎተተ በኋላ ነው

ለአዳማ ወጣት መካኒኮችና የቴክኒክ ተማሪዎች

ልጆቼ፣

የአየር ኃይላችን መቀመጫ ቢሾፍቱ ከእኛ ከተማ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ስለዚህ በአዳማ ጋራዥ ውስጥ ያደገ ልጅ አሮጌ የጦር አውሮፕላን ሲያይ ልቡ ቢደነግጥ አይገርምም። ብዙዎቻችሁ አንድ ጥያቄ ትጠይቃላችሁ፤ «ከቁራሌው ሚዛን አስጥለን አንድ ቦታ ብናቆመው አዳንነው ማለት አይደለም ወይ?» መልሴ አይደለም ነው። ከሚዛኑ ማስጣል የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ማዳን የሚባለው ሎቤዱ፣ ማለትም የጫነው ተጎታች መኪና፣ አራግፎ ከሄደ በኋላ የሚጀምረው የሃያና የሠላሳ ዓመት ሥራ ነው፤ ብዙ ሰብሳቢዎች የተሸነፉትም እዚያ ላይ ነው።

በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ካልለየሁ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ኒውቤሪ በምትባል የገጠር መንደር ዋልተር ሶፕላታ የሚባል አናጺ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንግሥት በሺህ የሚቆጠሩ የጦር አውሮፕላኖችን ለብረት አቅላጮች ሲያስረክብ፣ ይህ ሰው በአናጺ ገቢው በቁርጥራጭ ዋጋ እየገዛ፣ እየፈታና በተጎታች እየጫነ ወደ ግቢው አመጣቸው። ከነዚህ መካከል ዋይቢ-36 የተባለው የግዙፉ ቦምብ ጣይ የሙከራ ምሳሌ ቁርጥራጮች ነበሩ። ኤክስፒ-82 የተባለው ሁለት አካል ያለው ተዋጊ አውሮፕላን የሙከራ ምሳሌም እዚያው ነበር። ሀንጋር አልነበረውም፤ አብዛኞቹ በዛፎች መካከል፣ በበረዶና በዝናብ ቆሙ። «ሰብስቦ አበሰበሳቸው» ብለው የሚተቹት አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። እሱ ባያነሳቸው ኖሮ በዚያው ዓመት ቀልጠው ድስት ይሆኑ ነበር። ሶፕላታ በ2010 አረፈ። ኤክስፒ-82ቱ ግን ወደ ጥገና ባለሙያ እጅ ገብቶ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ከተሠራበት በኋላ ታኅሣሥ 31 ቀን 2018 እንደገና በረረ። የዚያ አውሮፕላን ሁለት ሞተሮች በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ ናቸው፤ ወደ ግራ የሚዞረውን ሞተር ማግኘቱ ብቻ ራሱን የቻለ ፍለጋ ነበር። ከዚህ ልትይዙት የሚገባው ነገር፣ ሜዳ ላይ የቆመ አውሮፕላን ቢጎዳም መነሻ መሆን መቻሉን ነው። የተቆራረጠና ክፍሎቹ የጠፉበት ግን መነሻ እንኳ አይሆንም።

ወደ አገራችን ስንመጣ የአየር ኃይላችን ታሪክ ሀብታም ነው። ከ1947 ጀምሮ የስዊድን ሳብ-17 መጣ። ከዚያ የእንግሊዙ ፋየርፍላይ፣ በ1960 ኤፍ-86 ሴበር፣ በ1966 ኤፍ-5፣ ቀጥሎም ካንቤራ፣ በኋላ ሚግ-21ና ሚግ-23። ከፋየርፍላዮቹ አንዱ ዛሬ በካናዳ ሺርወተር ሙዚየም ይገኛል። በሌላ በኩል «ፀሐይ» አለች። በ1935 አዲስ አበባ ላይ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር የሠራት፣ ባለ 115 የፈረስ ጉልበት ሞተር፣ ሁለት መቀመጫ ያላት ትንሽ አውሮፕላን ነች። ጣሊያኖች ወስደዋት ከ80 ዓመት በላይ በባዕድ አገር ከኖረች በኋላ በእኛ አቆጣጠር ጥር 2016 ተመልሳለች። ፀሐይ ተመልሳ ስትመጣ የምናውቃት አውሮፕላን ሆና ነው፤ ለዚያ ያበቃት ጣራና መዝገብ ነው። በቁጭት ስናወራ ይህን ክፍል እንዘለዋለን።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። በእኛ አገር የጦር አውሮፕላን የመከላከያ ንብረት ነው። በደብዳቤ የተጻፈ፣ ቁጥርና ማኅተም ያለው ፈቃድ ሳይኖራችሁ ከአንድም አውሮፕላን አንድ ቡሎን እንዳትነኩ። ጦርነት ከነበረበት ሜዳ ላይ ወድቆ የቀረ ስብርባሪ ካያችሁ ደግሞ አትጠጉት፤ ሥሩም ዙሪያውም ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ይችላል።

ፈቃዱ ተገኘ እንበል። የመጀመሪያው ቀን ሥራ ማጽዳት አይደለም፤ ሰው የሚገድሉትን ነገሮች ማወቅ ነው። አንደኛ፣ የጄት መቀመጫ። በሴበር፣ በኤፍ-5 እና በሚግ ውስጥ ያለው መቀመጫ አብራሪውን ወደ ላይ የሚወረውር ባሩድ አለው፤ ከላይ ያለው መስታወትም ብዙ ጊዜ የራሱ ማስወንጨፊያ አለው። ሠላሳና አርባ ዓመት የቆመ ባሩድ ሞቷል ብሎ ማመን ሞኝነት ነው፤ እንዲያውም ያረጀው የበለጠ የማይታመን ነው። መቆለፊያ ፒን ተሰክቶ ማየት አይበቃም፣ ፒኑ ዝጎ ሊሆን ይችላል። የጦር መሣሪያ ባለሙያ ካርትሪጆቹን አውጥቶ በጽሑፍ እስኪያረጋግጥ ድረስ ማንም፣ ፎቶ ለመነሣትም ቢሆን፣ ኮክፒት ውስጥ አይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ ጎማ። የአውሮፕላን ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ግማሽ ተሠርቶ በቡሎን የተጣበቀ ነው። የመኪና ጎማ የለመደ ልጅ እነዚያን ቡሎኖች ሊፈታ ይቃጣል። ነፋስ እያለው ከተፈታ ሁለቱ ግማሾች እንደ ጥይት ይበታተናሉ። መጀመሪያ ነፋሱን ጨርሳችሁ አውጡ፣ የቫልቩን ውስጠኛ ክፍል ንቀሉ፣ ከዚያ ብቻ ዳዶ ላይ ቁልፍ አሳርፉ። በማረፊያ እግሩ ሾክና በሃይድሮሊክ ማጠራቀሚያ ውስጥም እንዲሁ ከፍተኛ ግፊት ያለው ናይትሮጅን ታምቆ ይኖራል።

ሦስተኛ፣ ሰዓቶቹ። በአሮጌ አውሮፕላን ዳሽቦርድ ላይ ቁጥሮቹ በጨለማ እንዲበሩ የተቀቡት ቀለም ራዲየም ሊኖረው ይችላል። አሁን ስለማይበራ ጨረሩ አልቋል የሚሉ አሉ፤ ስህተት ነው። ያረጀው የሚያበራው ዱቄት ነው። ራዲየሙ ግማሹ ለመቀነስ 1600 ዓመት ይፈጅበታል። መስታወቱን አትክፈቱ፣ አትፋቁት፣ የተሰበረ ካለ በፕላስቲክ ከረጢት ደራርባችሁ ለብቻው አስቀምጡና ለሚመለከተው የጨረር መከላከያ አካል አሳውቁ። የፍሬን ሸራና የሙቀት መከላከያ ጨርቆች ውስጥ ደግሞ አስቤስቶስ ይገኛል። እነሱን በኮምፕረሰር ነፋስ ማጽዳት ዱቄቱን ወደ ሳንባችሁ መንፋት ነው።

እነዚህ ከተጠናቀቁ በኋላ ካሜራና እርሳስ አንሡ። ከእያንዳንዱ ክፍል መፈታት በፊት ከሩቅ፣ ከመካከለኛና ከቅርብ ርቀት ፎቶ ይነሣ። የመለያ ሰሌዳውን ቁጥር ጻፉ፤ ያቺ ትንሽ ብረት የአውሮፕላኑ መታወቂያ ናት፣ ሌቦችም መጀመሪያ የሚነቅሏት እሷን ነው። የሚፈታው ቡሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ ከወጣበት ቦታ ጋር በአንድ ከረጢት ይታሰር፤ የሥፍራው ስም በወረቀት ላይ በእርሳስ ተጽፎ በከረጢቱ ውስጥ ይግባ። ማርከር በአዳማ ፀሐይ ውጭ ከዋለ በጥቂት ወራት ይጠፋል፣ እርሳስ አይጠፋም። በክንፍና በአካል መጋጠሚያ መካከል የምታገኟቸው ሺሞች፣ ማለትም ክፍተት የሚሞሉ ስስ ላሜራዎች፣ በፋብሪካ ለዚያ መጋጠሚያ ብቻ የተለኩ ናቸው፤ የግራውና የቀኙ ከተቀላቀለ ክንፉ ሲመለስ ይጣመማል። የመሪ ሽቦ ገመድ ስትፈቱ ሁለቱንም ጫፎች ምልክት አድርጉ። እኔ እስከማውቀው ድረስ በጥገና መሃል የተተዉ አውሮፕላኖችን ያስቆማቸው ከሞተር እጦት ይልቅ ስም የሌለው ባልዲ ሙሉ ቡሎን ነው።

ቀጥሎ ጭነት። የሚግ-21 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 7.15 ሜትር ነው፤ ሴበር ከ11 ሜትር ያልፋል፤ የጭነት አውሮፕላኑ ሲ-47 ዳኮታ 29 ሜትር ያህል ነው። አንድም ቢሆን ክንፉ ሳይወጣ በአዳማ መንገድ አያልፍም። እዚህ ላይ ትልቁ ኃጢአት ይሠራል፤ ቡሎኑ እምቢ ሲል ግራይንደር ወይም ኦክስጅን መቁረጫ ይመጣና የክንፉ ዋና አጥንት ይቆረጣል። የተቆረጠ አጥንት በብየዳ አይመለስም። አሉሚኒየሙ በሙቀት ልዩ ጥንካሬ የተሰጠው ስለሆነ እሳት ሲነካው ያ ጥንካሬ ይጠፋል። እምቢ ያለ ቡሎን ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጠዋትና ማታ እየተቀባ ለሳምንት ይተው። ክንፉን በእንጨት መደገፊያና በጨርቅ ማንሻ ቀበቶ ሸክሙን ካነሣችሁለት በኋላ ቡሎኑ ብዙ ጊዜ በእጅ ይወጣል፤ የያዘው ዝገት ብቻ አልነበረም፣ የክንፉ ክብደትም ጭምር እንጂ። የመጨረሻው ቡሎን ከመውጣቱ በፊት ክንፉ ከሥሩም ከጫፉም መደገፉን አረጋግጡ። ክሪክ በፋብሪካ በተመለከተው ነጥብ ላይ ብቻ ይቀመጥ፤ የአውሮፕላን ቆዳ ስስ ላሜራ ነው፣ ከሥሩ ምንም የለም። ሞተር ወይም የአፍንጫ መሣሪያ ስታወጡ ሚዛኑ እንደሚዞርም አስቡ። ከፊት ክብደት ተነሥቶለት በጅራቱ ዘፍ ያለ አውሮፕላን የጅራቱን አጥንት ሰብሮ ይቆያል።

አውሮፕላኑ ቦታው ደረሰ። አዳማ ለዚህ ሥራ ደህና ከተማ ነው፤ አየሩ ደረቅ ነው፣ እንደ ሐዋሳ የሐይቅ እርጥበትና የአባ ኮዳ ኩስ የለበትም። የእኛ ጠላት ነፋስና አቧራ ነው። በከተማችን ዳርቻ በ51 እና በ153 ሜጋ ዋት የተተከሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በከንቱ አልቆሙም። ቀላል አውሮፕላን ባልታሰረበት ሜዳ ነፋስ ሲነሣ ክንፉ ሥራውን ይሠራል፤ ለማንሣት ነውና የተፈጠረው። አፍንጫውን ነፋሱ አብዝቶ ወደሚመጣበት አዙሩ፣ መሬት ውስጥ በተቀበረ ኮንክሪት ላይ በሦስት ነጥብ እሰሩ፣ የጅራትና የክንፍ መሪዎችን ወዲያና ወዲህ እንዳይመቱ ቆልፉ። መሪው ሲወዛወዝ የሚያልቀው ማጠፊያው ነው፤ በዳኮታ ላይ ደግሞ እነዚያ መሪዎች በጨርቅ የተለበጡ ስለሆኑ ፀሐዩ ራሱ ይጨርሳቸዋል። ክብደቱ ከጎማ ላይ ይነሣ፤ የብረት መቆሚያ በክሪክ ነጥቦች ሥር ይሠራለት።

አሁን ወደ ዋናው ገዳይ። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀይ ዝገት የለውም ብለን ቸል እንለዋለን። የእሱ ዝገት ነጭ ዱቄት ነው። ሁለት ላሜራዎች በተደራረቡበት መስመር ላይ ቆዳው እንደ እንጀራ ዓይን ካበጠ፣ ወይም ሪቬቶቹ ራስ ዙሪያ ግራጫ ጭረት ከታየ፣ ውስጡ እየተበላ ነው። ከሁሉ የሚከፋው የብረት ቡሎን በአሉሚኒየም ውስጥ የገባበት ቦታ ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በመካከላቸው እርጥበት ሲገባ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፣ የሚበላውም አሉሚኒየሙ ነው። ማግኒዚየም ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ የብዙ አሮጌ አውሮፕላኖች ቸርኬና የማርሽ ሳጥን ከእሱ ነው። ማግኒዚየምን በግራይንደር የነካ ልጅ ብልጭታው እሳት ሊያስነሣበት ይችላል፤ በውሃም አይጠፋም፣ ይልቅ ይቀጣጠላል። ደረቅ አሸዋ በባልዲ በአጠገባችሁ ይኑር።

ውሃ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች በአካሉና በክንፉ ሥር አሉ። አቧራ፣ የተርብ ቤትና የአይጥ ጎጆ ይደፍናቸዋል። ከተደፈኑ የክረምቱ ዝናብ ክንፉ ውስጥ ይጠራቀምና አጥንቱን ለወራት ያጥበዋል። የአይጥ ሽንትና የወፍ ኩስም ቀለሙን አልፎ ላሜራውን ይበላል። መፍትሔው ሁሉንም በፕላስቲክ መጠቅለል አይደለም። በፕላስቲክ የተጠቀለለ አውሮፕላን ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ያልበዋል፣ ላቡም መውጫ ያጣል። የአየር መግቢያና መውጫዎቹን አይጥና ወፍ በማያሳልፍ ስስ ወንፊት ሸፍኑና አየር ይንፈስበት። ከላይ ጣራ ይሁንለት፤ አራት ምሰሶና ቆርቆሮ እንኳ ከምንም ይሻላል።

ማጠብ ስትጀምሩ ለስላሳ ሳሙናና ብዙ ውሃ ይበቃል። በስምጥ ሸለቆ የሚኖር ሰው የጉድጓድ ውሃችን ማዕድን እንደሚበዛው ያውቃል፤ ከደረቀ በኋላ የሚተወው ነጭ ምልክት ለላሜራው ጨው ነው። የመጨረሻው ማለቅለቂያ በበርሜል የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ቢሆን እመርጣለሁ። የብረት ብሩሽና የብረት ሱፍ ከአውሮፕላን ግቢ ይውጡ፤ በአሉሚኒየሙ ላይ የሚቀረው የብረት ቅንጣት አዲስ ዝገት ይተክላል። የናይሎን ብሩሽ ተጠቀሙ። የአብራሪውን መስታወት በቤንዚን ወይም በቲነር የጠረገ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ በሸረሪት ድር መሰል ስንጥቅ ሞልቶ ያገኘዋል።

ስለ ማብረቅ ጉዳይ እቆጣለሁ። ልጆች መስታወት እስኪመስል መቦረሽ ይወዳሉ። የአውሮፕላን ላሜራ ጠንካራው ቅይጥ እንዳይዝግ ላዩ ላይ ስስ የንጹሕ አሉሚኒየም ሽፋን ይደረግለታል። ይህ ሽፋን በየጎኑ ከላሜራው ውፍረት ጥቂት ከመቶ ብቻ ነው። በየበዓሉ የምትቦርሹት እሱን ነው። አሮጌ ቀለምም በአሸዋ ወረቀት አይፋቅ። በአንድ የኢትዮጵያ አውሮፕላን ላይ የሁለትና የሦስት ዘመን ምልክት ተደራርቦ ሊገኝ ይችላል፤ የበረራ ክፍሉ ቁጥር፣ የጥገና ማሳሰቢያ ጽሑፍ፣ የመካኒኩ የእጅ ምልክት ሳይቀር። ስቱኮ ጠፍጥፎ አዲስ ቀለም መቀባት እነዚያን ለዘለዓለም መቅበር ነው።

ሞተር። ኮከብ መሰል ባለ ፒስተን ሞተር ለረጅም ጊዜ ሲቆም ዘይቱ ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ይወርዳል። ካንዴላዎቻቸው ሳይወጡ በኃይል ብታዞሩት ፈሳሽ ስለማይታመቅ ማያያዣ ዘንጉ ይጎብጣል። መጀመሪያ የታችኞቹን ካንዴላዎች አውጡ፣ ዘይቱ ይውረድ፣ ከዚያ በእጅ በቀስታ አዙሩ። ለማቆየት ከፈለጋችሁ በየሲሊንደሩ 50 ወይም 60 ሚሊ ሊትር ያህል መጠበቂያ ዘይት በመርጫ ከረጫችሁ በኋላ ሞተሩን እንደገና አታዙሩት፣ ፒስተኑ ዘይቱን ይጠርገዋል። በካንዴላዎቹ ቦታ ሲሊካ ጄል ያለበት መድፈኛ ይግባ። ሰማያዊው ወደ ሮዝ ሲለወጥ እርጥበት ጠጥቷል ማለት ነው፤ በ120 ዲግሪ ምድጃ ሁለትና ሦስት ሰዓት ቢቆይ ይመለሳል። ይህን መዝግቦ በየወሩ የሚያይ አንድ ልጅ ካላችሁ ሞተሩ ይኖራል።

«መቼ ነው የምናበረው?» የሚለውን ጥያቄ ከሌላው ሁሉ አብዝቼ እፈራዋለሁ። በ1947 ግሪንላንድ በረዶ ላይ በግዳጅ ያረፈ ኪ በርድ የተባለ ቢ-29 ቦምብ ጣይ ነበር። ለ48 ዓመት ብርዱ ጠበቀው። ጠጋኞች አራት ሞተር፣ ፕሮፔለርና ጎማ ቀየሩለት፤ ግንቦት 21 ቀን 1995 ሊነሣ እየተንቀሳቀሰ ሳለ ከረዳት ጄነሬተሩ የነዳጅ ጋን የፈሰሰ ቤንዚን እሳት አስነሣና በዚያው ነደደ። በአንጻሩ ከ80 ሜትር በላይ በረዶ ሥር የተቀበረ ፒ-38 ተዋጊ አውሮፕላን ተቆፍሮ በ1992 ወጥቶ፣ አሥር ዓመት ተሠርቶበት በ2002 በረረ። የሁለቱን ልዩነት ካሰባችሁት ጊዜ ነው። ኪ በርድን ያጣደፈው የአጭሩ የበጋ ወራት ነበር። እኛ እዚህ የሚያጣድፈን በረዶ የለም፤ ለማብረር አንቸኩል፣ መጀመሪያ ቆሞ ይኑር።

እሳትን ካነሣን ሁሉንም በአንድ ጣራ ሥር አታከማቹ። በየካቲት 1978 የሳንዲያጎ ሙዚየም፣ በግንቦት 1990 በፓሪስ አቅራቢያ የለ ቡርዤ ሙዚየም መጋዘን ተቃጥለው ብዙ አንድያ አውሮፕላኖች ጠፍተዋል። ቲነርና ቤንዚን ለብቻው በሌላ ክፍል ይሁን፣ ብየዳ ከሀንጋር ውጭ።

የሰብሳቢው ሞትም እንደ እሳት መታሰብ አለበት። ባለሀብቱ ፖል አለን በአሜሪካ ኤቨረት ከተማ ድንቅ የጦር አውሮፕላን ስብስብ ነበረው። በ2018 አረፈ፣ ሙዚየሙ በ2020 ተዘጋ፣ በ2022 ስብስቡ ሌላ ባለሀብት ላቋቋመው ድርጅት ተሸጠ። እድለኛ ስብስብ ነበር፣ አብዛኛውን በአንድነት የገዛ ተገኘለት። አብዛኞቹ ወራሾች የሚያዩት ግቢ ውስጥ ቦታ የያዘ ላሜራ ነው፣ የቁራሌው ዋጋ ደግሞ ለጆሯቸው ቅርብ ነው። ስለዚህ አንድ ሰብሳቢ እርዱኝ ብሎ ሲጠራችሁ ከመፍቻ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁት፤ የፈቃዱ ደብዳቤ የት ነው? የክፍሎቹ ዝርዝር በስንት ቅጂ፣ በማን እጅ አለ? እርስዎ ቢያልፉ ለየትኛው ተቋም ይተላለፋል ተብሎ ተጽፏል? መሸማቀቅ የለም፣ ጋሼ ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁት። መልስ ከሌለው የመጀመሪያ ሥራችሁ ያንን ዝርዝር መጻፍ ይሁን፤ አንድ ቅጂ ለእሱ፣ አንድ ለቤተሰቡ፣ አንድ ለእናንተ።

አሁን ግንቦት ነው። ሰኔ ሳይገባ ከእናንተ መካከል አውሮፕላን የሚጠብቁ ካሉ በዚህ ቅዳሜ የእጅ ባትሪና ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ይዛችሁ ከክንፉና ከአካሉ ሥር ግቡ፤ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ክፈቱ፣ ስንት እንደሆኑም ቁጠሩና ጻፉ። የሚወጣው አቧራ እርጥብ ከሆነ ከላይ ውሃ የሚያስገባ ስንጥቅ አለና እሱን ፈልጉ።